በ25 ሳምንቷ የተወለደች ልጃችን ቤት ከገባች በኋላ

ልጃችን የተወለደችው በ25 ሳምንቷ ነው። ክብደቷ 1 ኪሎ አይሞላም ነበር። ሐኪሞች ከ28 ሳምንት በፊት የሚወለዱ ሕፃናትን፣ ቀናቸው ሳይደርስ ከተወለዱት ከሌሎቹ እንኳ ለይተው ነው የሚያዩአቸው። ሳንባቸው፣ አንጀታቸው፣ ዓይናቸው፣ አንጎላቸው ገና እየተሠራ ሳለ ነውና የሚወለዱት። ስለ ማሞቂያ ክፍሉ ወራት እዚህ አልጽፍም። እዚያ ሳለን ክፉም ደጉም ሲመጣ ዞር ብለን የምንጠይቀው ሰው ነበረን። የምጽፈው «በቃ፣ ልትወጡ ነው» ከተባልን በኋላ ስለመጣው ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ልጃችሁን የሚያይ አንድ ቡድን አለ። የዓይን ሐኪሙ ያለውን የሳንባ ሐኪሟ ትሰማለች። ነርሷ ሌሊት ያየችውን ጠዋት ለሁሉም ትናገራለች። ከወጣችሁ በኋላ ያ ቡድን ይበተናል። ዓይኗ አንድ ቦታ ይታያል፣ ሳንባዋ ሌላ ቦታ፣ ክትባቷ ሌላ፣ እድገቷ ሌላ። ሁሉም የየራሱን ድርሻ ያያል፤ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያውቃት ግን ወላጅ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፦ ፋይሉን የምትይዙት እናንተ ናችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ያሉት ቀናት ወርቅ ናቸው። ሁሉም ሰው ቶሎ መውጣት ይፈልጋል፤ እኛም እንደዚያው። ግን ከልጃችሁ ጋር ብቻችሁን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ እንድታድሩ ከተፈቀደላችሁ እሺ በሉ። ካልተነገራችሁ ጠይቁ። መድኃኒቷን እናንተ ስጡ፣ እናንተ እጠቧት፣ እናንተ መግቧት። ነርሷ በጥሪ ርቀት ላይ ትሁን። ትንፋሽ ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ በአሻንጉሊት የሚያሳዩበትን ሥልጠና ደግሞ ሁለታችሁም ሳትወስዱ አትውጡ። ሌላ የሚይዛት ሰው ካለም ይምጣና ይማር። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ የሕፃን መቀመጫዋ ላይ አስቀምጠው ትንፋሿንና ኦክስጅኗን ለ1 ሰዓት ተኩል ያህል እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ትንንሽ የሆኑ ልጆች ተቀምጠው አንገታቸው ወደ ፊት ሲደፋ ትንፋሻቸው ይታፈናል።

የመውጫ ወረቀቱን እዚያው ቁጭ ብላችሁ፣ ሐኪሙ ሳይሄድ አንብቡት። በስንት ሳምንት እንደተወለደች፣ የአንጎል አልትራሳውንድ ውጤቷ፣ የመጨረሻው የዓይን ምርመራ ምን እንዳሳየ፣ የመስማት ምርመራዋ፣ ደም ተሰጥቷት ከሆነ መቼ እንደሆነ፣ የወሰደቻቸው ክትባቶች፣ መድኃኒቶቿ ከነመጠናቸው፣ የመጨረሻው የደም ምርመራ፤ ይህ ሁሉ ሊኖርበት ይገባል። በምህጻረ ቃል የተጻፈ ነገር ካለ ምን ማለት እንደሆነ አስጽፉ። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ስትሮጡ ፋይል ማን ያስታውሳል?

የእኛ ወረቀት ላይ ስለ ዓይኗ «ክትትል ያስፈልጋታል» ይላል። ቀን የለውም። ያስተዋለው ባለቤቴ ነው። «መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነርሷ ኮምፒውተሩን ስታይ ቀጠሮ የሚባል ነገር አልተያዘም። የሳንባው ክፍል ይዞላታል፣ የክብደት ክትትሉም ተይዟል፤ የዓይኑን ግን ሁሉም ሌላው ሰው ይዞታል ብሎ አስቧል። እዚያው ስልክ ተደወለና ተስተካከለ። ያን ዕለት ዝም ብለን ወጥተን ቢሆን ኖሮ ማን እንደሚደውልልን አላውቅም።

ለምን ይህን ያህል እንዳካበድኩት ላስረዳ። ሬቲና ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። የደም ሥሮቹ አድገው የሚያልቁት መወለጃው ቀን ሲቃረብ ነው። በጣም ቀድሞ በተወለደ ልጅ ላይ እነዚህ ደም ሥሮች ባልተገባ መንገድ ሊያድጉ ይችላሉ። ሲብስ ሬቲናውን ስበው ከቦታው ያላቅቁታል፤ ልጁ ዓይነ ስውር ይሆናል። ከውጭ ስታዩት ግን ምንም የለም። ዓይኗ ያበራል፣ ፊታችሁን ትከተላለች። ሕክምናው፣ ሌዘርም ይሁን ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ፣ በጊዜው ከተደረገ ይሠራል። ጊዜው ግን ጠባብ ነው። «መታከም አለባት» ከተባለ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። ስለዚህ ሌላ ቀጠሮ ይተላለፍ ይሆናል፤ ይሄኛው አይተላለፍም። ጉንፋን ቢይዛት እንኳ ደውላችሁ አማክሩ እንጂ በራሳችሁ አትሰርዙ። «ደም ሥሮቹ አድገው ጨርሰዋል» የሚለውን ከሐኪሙ አፍ እስክትሰሙ ድረስ ክትትሉ አላለቀም። መርፌ የተሰጣቸው ልጆች ደግሞ በሽታው ከወራት በኋላ ሊያገረሽባቸው ስለሚችል ክትትላቸው ይረዝማል።

ምርመራው ራሱ ለማየት ይከብዳል። ዓይኗን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ ብረት ከፍተው ነው የሚያዩት። በጨርቅ ጠቅልለው እንዲይዟትና ከመጀመሩ በፊት ምላሷ ላይ ጣፋጭ ጠብታ እንዲያደርጉላት ጠይቁ፤ ሕመሙን ያቀልላታል። እኔ በበኩሌ ኮሪደሩ ላይ ነበር የምጠብቀው። የሚገባው አባቷ ነው። አያሳፍርም፤ ጠንካራው ይግባ።

ልጃችን ከኦክስጅን ጋር ነው የወጣችው። ሳንባዋ ሳይደርስ በመተንፈሻ ማሽንና በኦክስጅን ስለኖረ ተጎድቷል። ብዙ እንደ እሷ የተወለዱ ልጆች እንዲህ ናቸው። አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ጉንጯ ላይ ፕላስተር፣ እግሯ ላይ የኦክስጅን መለኪያ። መለኪያው ቀይ መብራት አለው፤ ማታ መብራት ሲጠፋ በካልሲዋ ውስጥ ያበራል። ስትራገጥ ፕላስተሩ ይላላና በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየው ቁጥር ከ96 ወደ 70 ዱብ ይላል። ሞኒተሩ ይጮኻል። እኔ እንደ እብድ ከአልጋ እዘላለሁ። እሷ ግን ከንፈሯ ቀልቶ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

አንዲት ነርስ ከመውጣታችን በፊት የነገረችን ነገር አዳነን፦ «መጀመሪያ ልጅቷን እዩ፣ ከዚያ ቁጥሩን።» ከንፈሯና ምላሷ ምን ይመስላል? ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል? ደህና ከሆነች ቱቦው ከአፍንጫዋ ወጥቶ እንደሆነ፣ አንድ ቦታ ታጥፎ እንደሆነ፣ ኦክስጅኑ አልቆ እንደሆነ፣ መለኪያው ላልቶ እንደሆነ ተራ በተራ ታያላችሁ። ከጠቆረች፣ ግራጫ ከሆነች ወይም ትንፋሿ ከቆመ፣ ማሽን መነካካት የለም። እግሯን ወይም ጀርባዋን አሸት አሸት አድርጋችሁ ቀስቅሷት። ካልተነሳች የተማራችሁትን ጀምሩ፤ ሌላው ሰው እርዳታ ይጥራ። ይህን ቅደም ተከተል በትልቁ ጽፈን ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈነው ነበር። ሰው ሲደነግጥ ጭንቅላቱ ባዶ ነው የሚሆነው።

ቁጥሩ ስንት መሆን እንዳለበት ሐኪማችሁን በግልጽ ጠይቁ። ለብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ልጆች ከ92 ወይም ከ93 በመቶ በላይ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። «ደህና ትመስላለች» ብሎ ኦክስጅኑን በራስ መቀነስ ብዙ ሰው ይፈተንበታል፤ በተለይ ቱቦውን ሰው እያየ አስተያየት ሲሰጥ። አትቀንሱ። ኦክስጅን በትንሹ ለረጅም ጊዜ ሲያንሳት ከላይ አይታወቅም። ክብደቷ መጨመሩን ይተዋል፤ የሳንባዋ ደም ሥሮች ግፊታቸው ይጨምራል፤ ልቧ ይደክማል። መቀነሱ ተኝታ፣ ነቅታ፣ እየጠባች በተወሰደ ልኬት ነው መወሰን ያለበት። ነቅታ ጥሩ ሆና ስትተኛ ወይም ስትጠባ የሚወርድባት ልጅ ብዙ ናት።

ኦክስጅን ባለበት ቤት ሲጋራ፣ ሻማ፣ ክብሪት የሚባል ነገር አይቀርብም። አፍንጫዋ ቢደርቅ ቫዝሊንና የመሳሰሉትን ከነዳጅ የተሠሩ ቅባቶች አትቀቡ፤ በውኃ የተሠራውን ዓይነት ጠይቁ። ሲጋራ ከሆነ ደግሞ ውጭ ያጨሰ ሰው እንኳ ልብሱን ሳይቀይር ባያቅፋት ይመረጣል።

መድኃኒት ላይ አንድ ታሪክ አለኝ። እንደ ልጃችን ያሉ ሕፃናት አይረን የሚያጠራቅሙት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነበር፤ እነዚያ ወራት የሉም። ስለዚህ ለወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የአይረን ጠብታ ይወስዳሉ። መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው፤ ብዙ ጊዜ በቀን ለ1 ኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም። ቫይታሚን ዲም አለ። ጠብታው ሲያልቅ ከሌላ ፋርማሲ ገዛን። ጠርሙሱ ሌላ ነው፣ ቀለሙም ሌላ። መመሪያው «ይህን ያህል ሚሊ» የሚል ስለሆነ ዝም ብሎ ያንኑ መስጠት ይቻል ነበር። ባለቤቴ ጽሑፉን አነበበ። በቀድሞው 1 ሚሊ ውስጥ 15 ሚሊግራም አይረን ነው ያለው፤ በአዲሱ 25። ያንኑ ሚሊ ብንሰጣት ኖሮ በየቀኑ ከሚገባት በጣም ይበዛባት ነበር። የሸጠልን ሰው አላስተዋለም፣ ማዘዣውም ላይ ሚሊግራሙ አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ ማዘዣ ስንቀበል ሁለቱንም አስጽፈን ነው የምንወጣው፦ ሚሊግራሙንም፣ ሚሊውንም። ጠርሙሱ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ መድኃኒት ነው የምናየው። ክብደቷ ሲጨምር ደግሞ መጠኑ መከለስ አለበት፤ ሐኪሙ ከረሳ አስታውሱት። (ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ አይረኑ ነው። ጠርሙሱን ግን ከትልልቅ ልጆቻችሁ አርቁ፤ አይረን ሲበዛ መርዝ ነው።)

ስለ ምግብ ብዙ አወራ ነበር፤ ግን የእያንዳንዱ ልጅ ሁኔታ ስለሚለያይ ጥቂት ብቻ። የእናት ጡት ወተት ለእነዚህ ልጆች ተወዳዳሪ የለውም። ሆኖም ለአንዳንዶቹ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ የሚጨምር ማጠናከሪያ ይታዘዝላቸዋል። ከታዘዘ በልኩ፣ ከተባለው በላይም በታችም አይሁን። ዱቄቱን «ወፈር ይበልላት» ብሎ መጨመር ኩላሊትና አንጀት ይጎዳል። የዱቄት ወተት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አለመሆኑን እወቁ። ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ትኩስ ውኃ በጥብጡት፣ ከዚያ አቀዝቅዛችሁ ስጧት። የተረፈውን ድፉት።

ልጃችን ስትጠባ መተንፈስ ትረሳ ነበር። መጥባት፣ መዋጥ፣ መተንፈስ፤ ሦስቱን ማስተባበር ለእሷ ትልቅ ሥራ ነው። ጥቂት ከጠባች በኋላ ጡጦውን ዘንበል አድርጌ ወተቱ ከጡጦው ጫፍ እንዲመለስ አደርጋለሁ፣ ትተነፍሳለች፣ እንቀጥላለን። በጎኗ አስተኝቶ ማጥባትም ረዳን። ከግማሽ ሰዓት በላይ መታገል ግን የምታገኘውን ካሎሪ መልሶ ያቃጥላል። አፏ አካባቢ ከሰማያዊ ጋር የተቀላቀለ ቀለም ካያችሁ፣ በየጥባቱ ትን የሚላት ከሆነ ወይም ስትጠባ የሚያልባት ከሆነ «ይለመዳል» ተብሎ አይታለፍም። የአመጋገብ ችግር የሚያይ ባለሙያ አለ፤ ወደዚያ ይላኳችሁ።

እንግዳ። ይሄ ከሁሉም ባሰብኝ። ወራት ሙሉ የጸለየ ዘመድ አለ፤ ሊያያት ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። ነገር ግን ጤነኛ ልጅ ላይ ጉንፋን የሆነው ነገር እንዲህ ዓይነት ሳንባ ላይ የሳንባ ምች ሆኖ ይመጣል። አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ በተለይ። እኛ «አይቻልም» ማለት አልቻልንም፤ ሰው ይቀየማል። መፍትሔውን ያመጡት አማቴ ናቸው። በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። የመጣውን ሁሉ «ሐኪሟ ከልክሏል፣ እኔም ገና አላቀፍኳትም» ይሉታል። ውሸታቸውን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ታቅፈዋት ነው የሚውሉት። ማንም ግን አልተቀየመም። ከእናንተ ቤት ማን እንዲህ እንደሚያደርግላችሁ አስቡ። ደግሞም ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የኢንፍሉዌንዛና የትክትክ ክትባት ቢወስድ ለእሷ አጥር ነው። ለአርኤስቪ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል በመርፌ የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ ፓሊቪዙማብ ቫይረሱ በሚበዛበት ወቅት በየወሩ የሚሰጥ ነው፣ ኒርሴቪማብ ደግሞ አንዴ ብቻ። በየቦታው ላይገኝ ይችላል፤ መኖሩን ጠይቁ።

ክትባት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ሁለተኛውን ዙር ልናስከትብ ስንሄድ የተቀበለችን ባለሙያ ልጅቷን አይታ «ይቺ ገና ናት፣ ትንሽ ትደግና ተመለሱ» አለችን። በቅንነት ነው ያለችው። ግን ልክ አይደለም። ከጥቂቶች በስተቀር የእነዚህ ልጆች ክትባት የሚቆጠረው ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ነው፤ መጠኑም አይቀነስም። ትንሽ በመሆናቸው የባሰ ስለሚጋለጡ ነው ክትባቱን ይበልጥ የሚፈልጉት። እዚያው ሆነን የልጃችንን ሐኪም በስልክ አገናኘናቸውና ተከተበች። ከ28 ሳምንት በፊት በተወለዱት ላይ ከክትባቱ በኋላ ባሉት 2 እና 3 ቀናት ትንፋሽ ሊቆራረጥ ስለሚችል ግን፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሲወስዱ፣ ክትትል ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

ዳይፐር ስቀይርላት አንድ ቀን ብሽሽቷ ላይ ሎሚ የምታክል እብጠት አየሁ። ስታለቅስ ይወጣል፣ ዝም ስትል ይገባል። ቡአ ነው። በእነዚህ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ወንዶቹ ላይ ይበዛል፣ ሴቶቹም አይቀርላቸውም። የሚያስፈራው አንጀት ወይም የሴቷ የእንቁላል ዕጢ ገብቶ ሲያዝ ነው። እብጠቱ ከጠነከረ፣ ከቀላ፣ ስታባብሏትም ካልገባ፣ ማስመለስና የማያባራ ለቅሶ ከመጣ እስኪነጋ አይጠበቅም። የእኛ እዚያ ሳይደርስ በቀጠሮ ተሠራላት። ለቀዶ ሕክምና ስትሄዱ በስንት ሳምንት እንደተወለደች ለማደንዘዣ ባለሙያው ራሳችሁ ንገሩ። ከማደንዘዣ በኋላ ትንፋሽ ሊያቋርጡ ስለሚችሉ ትንንሾቹ ሌሊቱን በሞኒተር ማደር አለባቸው። እኛ ባንናገር በዚያው ቀን ልንሸኝ ነበር።

ሌሎች ቶሎ የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። ሙቀቷ 38 እና ከዚያ በላይ ሲሆን። ወይም ደረት ለደረት አቅፋችኋት ሞቅ ብሏትም ከ36.5 በታች ሲሆን፤ እነዚህ ልጆች ሲታመሙ ትኩሳት ብቻ አይደለም፣ መቀዝቀዝም አለ። የጎድን አጥንቷ መሐል እየገባ ስትተነፍስ። እርግብግቢቷ ሳታለቅስ ሲነፋ፣ ጭንቅላቷ በፍጥነት ሲያድግ፣ ዓይኗ ወደ ታች ብቻ ሲያይ፣ ደጋግማ ስታስመልስ፤ ይህ በተለይ አንጎል ውስጥ ደም ፈሶባቸው የነበሩ ልጆች ላይ ውኃ መጠራቀሙን ሊያሳይ ይችላል። የጭንቅላቷ ዙሪያ በየቀጠሮው እንዲለካ አድርጉ። እና ያልተለመደ መፍዘዝ። እናት «ልጄ ልክ አይደለችም» ስትል ሐኪም ሊያዳምጣት ይገባል፤ ካላዳመጣት ሌላ ሐኪም አለ።

እንቅልፍ በጀርባ ነው። ማሞቂያ ክፍል ውስጥ በሆዷ ሲያስተኟት አይታችሁ ይሆናል፤ እዚያ ሌሊቱን ሙሉ የሚያያት ነርስና ማሽን አለ። ቤት ውስጥ በጀርባዋ፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ በራሷ አልጋ፣ በእናንተ ክፍል ውስጥ።

ዕድሜ ሲጠይቋችሁ ሁለት መልስ ይኖራችኋል። ልጃችን 6 ወር ሲሆናት ገና አንገቷን በደንብ አልያዘችም፤ ሰው ያያል፣ ያነጻጽራል። የቀረባትን ሳምንታት ስትቀንሱ ግን የተስተካከለ ዕድሜዋ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው፤ ለዚያ ዕድሜ ልክ ነበረች። ክብደቷም፣ መቀመጧም፣ መዳኋም እስከ 2 ዓመቷ ድረስ የሚለካው በዚህ ዕድሜ ነው። ይሄ እፎይ ያሰኛል። ግን ወጥመድም አለበት፦ «ቀኗ ሳይደርስ ስለተወለደች ነው» እያሉ ሁሉንም ነገር ማሳለፍ። በተስተካከለ ዕድሜዋም ወደ ኋላ ከቀረች፣ አንዱን እጇን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ፣ እግሯ የሚገተር ወይም እንደ መቀስ የሚጠላለፍ ከሆነ፣ አይጠበቅም። የተስተካከለ ዕድሜዋ 3 ወር አካባቢ ሲሆን የሕፃኗን እንቅስቃሴ አይቶ አደጋውን መለየት የሚችል ባለሙያ አለ። ፊዚዮቴራፒ የሚጠቅመው ደግሞ ቀድሞ ሲጀመር ነው። የምርመራ ስም እስኪወጣለት አትጠብቁ።

የመስማት ምርመራን ሆስፒታል አልፋ ብትወጣም እንደጨረሳችሁ አትቁጠሩት። የወሰደቻቸው አንዳንድ አንቲባዮቲኮችና ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ጉዳቱ ዘግይቶም ይመጣል። ዓመት ሳይሞላት ድጋሚ እንድትታይ ጠይቁ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ሆስፒታል ሳለን አላለቀስኩም። ቤት ገብተን ሁሉም ነገር መስተካከል ሲጀምር ነው የፈረስኩት። ማይክሮዌቭ ሲጮኽ ሞኒተሩ መስሎኝ ልቤ ይቆማል። ተኝታ ሳለች ደረቷ መነሳቱን ለማየት ስመላለስ ሌሊቱ ይነጋል። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈ» ይላል፤ እኔ ምስጋና ያነሰኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው የአእምሮ ሐኪም ያየኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያሳለፉ እናቶችም አባቶችም ላይ በብዛት የሚታይና የሚታከም ነገር እንደሆነ ነገረኝ። ለውጥ የመጣው ግን ተራ መግባት ስንጀምር ነው። እስከ እኩለ ሌሊት አባቷ፣ ከዚያ እኔ። ተራው ያልሆነ ሰው ሌላ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ። መጀመሪያ አልተኛም ነበር፣ ከዚያ ለመድኩት።

ልጃችን አሁን ትሮጣለች፣ ትናገራለች፣ አታዳምጥም። ኦክስጅኑ ከሄደ ቆየ። መነጽር ታደርጋለች፤ እንደ እሷ የተወለዱት ላይ የርቀት እይታ ችግርና ዓይን መንሸዋረር ስለሚበዛ የሬቲናው ክትትል ካለቀ በኋላም የዓይን ምርመራው ይቀጥላል። የጥርሷ ሽፋን ስስ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የጥርስ ሐኪም ጋ ቀድማችሁ ሂዱ። ጉንፋን ሲይዛት አሁንም ደረቷ ያፏጫል። የደም ግፊቷንም በቀጠሮ እናስለካለን።

የሚቀጥለው ትምህርት ቤት ነው። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ በስንት ሳምንት እንደተወለደች የሚጠይቅ ቦታ ላይኖር ይችላል። ቦታ ባይኖርም በኅዳጉ ላይ ጻፉት፣ ለመምህሯም በቃል ንገሩ። ትኩረት ማጣት፣ የሒሳብ መክበድ፣ የእጅ ጽሑፍ መዘግየት በእነዚህ ልጆች ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ክፍል ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ መምህሯ ታሪኳን ካላወቀች ስንፍና ነው የሚመስላት።